ካሊፐርህን ሳይሞት አትቅበረው

አንድ ወጣት አሽከርካሪ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? የምነዳው ቪትዝ ነው። የፊት ግራ ጎማ ቸርኬው እጅ አያስነካም፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ጋራዥ ስወስደው ‹ካሊፐሩ ሞቷል፣ ያገለገለ ፈልገህ አምጣ› አሉኝ። የሰፈራችን መካኒክ ደግሞ ‹ጎሚኒውን ቀይረን፣ በቤንዚን አጥበን እንመልሰዋለን› ይላል። እኔ እጄ ሥራ ይወዳል፣ መፍቻም አለኝ። የኮንዶሚኒየማችን ግቢ ትንሽ ተዳፋት ነው እንጂ ቦታም አለኝ። ራሴ ባድሰውስ? ወይስ በፍሬን አይቀለድም?»

ወንድሜ፣ በፍሬን አይቀለድም። ማደሱን ግን ትችላለህ። የቪትዝ የፊት ካሊፐር የፍሬን ሸራዎቹን ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚጨምቅ፣ አንድ ፒስተን፣ ሁለት ፒንና ጥቂት ጎሚኒዎች ያሉት ዕቃ ነው። ጉልበት አይፈልግም። ንጽሕናና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ከመልእክትህ ውስጥ ያስደነገጠኝ «በቤንዚን አጥበን» የምትለዋ ናት። ቆይቼ እመጣባታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ካሊፐሩ መሞቱን ማን አረጋገጠ? ጎማ ሞቀ ማለት ካሊፐር ሞተ ማለት አይደለም። አንድ የፊት ጎማ ብቻውን ሲይዝ የምጠረጥራቸው አራት ናቸው፦ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች፣ ፒስተኑ፣ የፍሬን ዘይት ወደ ካሊፐሩ የሚያመጣው የጎማ ቱቦ፣ አልፎ አልፎም ኩሽኔታው። ኩሽኔታ ከሆነ ፍጥነት ስትጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ ትሰማለህ። ሦስቱን ለመለየት ግን መፍታት አለብህ፤ ቅደም ተከተልም አለው።

መኪናዋን ትንሽ ንዳትና ፍሬኑ ሲይዝ ሜዳ ቦታ ላይ አቁማት። ሜዳ ስልህ ያንን ተዳፋት ግቢ እርሳው ማለቴ ነው። ዘመድ ቤት፣ ጓደኛ ቤት፣ የተነጠፈ ሲሚንቶ ፈልግ። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ። በክሪክ አንሳና ወዲያው ካቫሌቶ፣ ማለትም መኪናዋን የሚሸከም የብረት ማቆሚያ፣ አስገባ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅም ጭንቅላትም አይገባም። ማርሹን ነጻ አድርገህ ጎማውን በእጅህ አዙረው። እምቢ ካለ፣ በካሊፐሩ አናት ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ግማሽ ዙር ፍታት። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው በአንዴ ከቀለለ፣ ችግሩ ውስጥ የታፈነ ግፊት ነው። ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የጎማ ቱቦው ነው። ከውጭ ስታየው ደህና ነው። ከውስጥ ግን ግድግዳው ተልጦ እንደ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። እግርህ ዘይቱን በኃይል ይልከዋል፤ መመለሻው ግን ይዘጋበታል። እንዲህ ከሆነ ቱቦውን ቀይረህ ካሊፐሩን ሳትነካው ልትገላገል ትችላለህ።

ቡሎኗን ፈትተህም ጎማው ካልለቀቀ፣ ነገሩ ብረት ከብረት ጋር ነው፤ ወይ ፒን ወይ ፒስተን። የታችኛውን የካሊፐር ቡሎን ፈትተህ ካሊፐሩን ወደ ላይ ገልብጠውና ፒኖቹን በእጅህ ግፋና ሳብ። መንሸራተት አለባቸው። ሸራዎቹንም አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የውስጠኛው አልቆ የውጪኛው ወፍራም ከሆነ፣ ካሊፐሩ በፒኖቹ ላይ አልሄደም ማለት ነው፤ ፒስተን አልመለስ ሲልም እንዲህ ያደርጋል። ሸራው ባንድ ጫፍ ሳስቶ ባንድ ጫፍ ከወፈረ፣ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ደርቋል። እኔ እንዳየሁት፣ «ካሊፐሩ ሞቷል» ከተባሉት ብዙዎቹ ፒናቸው የደረቀ ብቻ ነበሩ። ፒን ማጽዳትና ማለስለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ያገለገለ ካሊፐር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመዞርህ በፊት ይቺን ሰዓት ለራስህ ስጥ።

እዚሁ ላይ ስለ ያገለገለው ካሊፐር ልጨርስ። እኔ አልወደውም። ያንተ ካሊፐር ታሪኩን ታውቀዋለህ። ከሌላ መኪና የተነቀለው ስንት ዓመት በባዶው እንደተቀመጠ፣ ውስጡ ዝናብ ገብቶ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ዘይት እንደነካው ማንም አይነግርህም። ላዩን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ጥቁር ቀለም ቀብተውት ያምራል። ብትገዛው እንኳ ፈትተህ ጎሚኒውን መቀየር አለብህ። ታዲያ ያንኑ ልፋት በራስህ ካሊፐር ላይ ብታፈሰውስ? ያገለገለ የምገዛው የኔው ካሊፐር አካሉ ከተበላሸ ወይም የአየር ማስወጫ ቡሎኑ ውስጡ ተሰብሮ ከቀረ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አንዲት ጎሚኒ ላጫውትህ፤ የሥራው ሁሉ እምብርት እሷ ናት። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ትቀመጣለች። ወገቧ ክብ አይደለም፤ ቆርጠህ ብታየው አራት ማዕዘን ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋዋል። ጎሚኒዋ ፒስተኑን ጭምቅ አድርጋ ስለያዘችው ከእሱ ጋር ትንሽ ታዘነብላለች። እግርህን ስታነሳ ወደነበረችበት ትመለሳለች፤ ፒስተኑንም ይዛው ትመለሳለች። ሌላ የሚመልሰው ስፕሪንግ የለም። ርቀቷ ከሚሊ ሜትር በታች ናት፤ ሸራው ዲስኩን እንዲለቅ ግን ትበቃለች። ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ በጎሚኒዋ መሀል ተንሸራቶ ትንሽ ትንሽ ወደፊት ይጠጋል። የዲስክ ፍሬን በየጊዜው ማስተካከያ የማይጠይቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጎሚኒዋ ከደረቀች፣ ካበጠች፣ ወይም ቦይዋ ውስጥ ዝገት ተጋግሮ ከጨመቃት መሳቧን ትተዋለች። ሸራው ቀኑን ሙሉ ዲስኩን ሲያሽ ይውላል። ቸርኬህ እጅ የማያስነካው፣ ቤንዚንህም ቶሎ የሚያልቀው ያኔ ነው።

ዝገቱ ከየት ይመጣል? ከዘይቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ባሕርዩ ነው። ውሃው ቀስ በቀስ ታች ያለው ካሊፐር ውስጥ ይሰበሰብና ብረቱን ይበላዋል። ሌላም ጉዳት አለው። የፍሬን ዘይት ደረጃው በ«ዶት» ቁጥር ይጻፋል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ከጠጣ በኋላ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትጠመዘዝ ፍሬኑ ይግላል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ እግርህ ሥር እልም ይላል። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን የሚቀይር ሰው ካሊፐር ማደስ ብዙም አይገጥመው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ቡና አተላ ከጠቆረ፣ ያንተ መኪና ይህ ዕድል አልደረሳትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤንዚኗ።

የፍሬን ጎሚኒ የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል የጎማ ዓይነት ነው። ከፍሬን ዘይት ጋር ዘመኑን ሙሉ ተስማምቶ ይኖራል። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ላምባ፣ የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግራሶ ከነካው ግን ይጠጣቸዋል፣ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ያበጠች ጎሚኒ ፒስተኑን አንቃ ትይዘዋለች። ስለዚህ በቤንዚን የታጠበ ካሊፐር መጀመሪያ ጥሩ ይሠራል፤ ጥቂት ሰንብቶ እንደገና ይይዛል። ያኔ «ጎሚኒው ፎርጅድ ነበር» ይባልና ሌላ ጎሚኒ ይገዛል። «ቤንዚን እኮ ይተናል» የሚልህ ይኖራል። ንጹሕ ቤንዚን ከብረት ላይ ይተናል፣ እውነት ነው። ግን የጋራዥ ማጠቢያ ጣሳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ስንት ካምቢዮና ሞተር የታጠበበት ነው። ቤንዚኑ ቢተን እንኳ ዘይቱና ግራሶው ቦይው ውስጥ ይቀራል። አንተ በንጹሕ አልኮል ወይም ለፍሬን ተብሎ በሚሸጠው የጣሳ ማጽጃ እጠብ። ሁለቱንም ካጣህ አዲስ የፍሬን ዘይት ራሱ ያጥባል።

ከዚሁ ሳልወጣ አንድ ነገር አድርግ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈትና ከሥሩ ያለችውን ጎማ ተመልከት። አብጣ፣ ተጣማ፣ ወደ ቦታዋ አልገባም ካለች፣ ከዚህ በፊት አንድ ሰው የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ጨምሮበታል። እንዲህ ከሆነ ሥራው ካሊፐር በማደስ አያልቅም። ማስተሩም (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ፓምፕ)፣ ቱቦዎቹም፣ የኋላ ታምቡር ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሲሊንደሮችም ጎሚኒያቸው ተበላሽቷል። ያኔ ለባለሙያ ስጠው።

ክዳኗ ጤነኛ ከሆነች ወደ ሥራው እንግባ። የምትፈልገው የካሊፐር ጎሚኒ ሙሉ ኪት ነው፤ የፒስተኑ ጎሚኒ፣ የአቧራ መከላከያው፣ የፒኖቹ ጎሚኒዎች ያሉበት። ቪትዝ ቪትዝ ስለሆነ ብቻ አንድ ዓይነት አይደለም። በዓመቱና በሞተሩ የፒስተኑ ስፋት ይለያያል። የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ሂድ። አለበለዚያ መጀመሪያ ፈትተህ ፒስተኑን ለካና እሱን ይዘህ ሂድ። በዓይን ግምት «ይቺ ትሆናለች» ብሎ የሚሰጥህን አትቀበል። ሁለት አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፣ ታሽጎ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ለፍሬን ፒን የሚሆን የሲሊኮን ግራሶም ግዛ። የዘይቱን ዓይነት የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ቤት ውስጥ ከአምናው የተረፈ ግማሽ ጠርሙስ ካለህ ተወው፤ ውሃ ጠጥቷል። ዶት 5 የሚል ሐምራዊ ዘይት ቢሰጡህም መልስ፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ካንተው ጋር አይቀላቀልም።

ፒስተኑን ለማውጣት ብዙ ሰው ኮምፕሬሰር ይሮጣል። አልመክርህም። በአየር የተገፋ ፒስተን ሲወጣ እንደ ጥይት ነው፤ በጣት አይቀለድም። ቱቦው ሳይፈታ የራስህን ፔዳል ተጠቀም። ሸራዎቹን አውጣ፣ በፒስተኑና በካሊፐሩ ጣቶች መካከል ጣውላ አስገባ። አንድ ሰው ቀስ እያለ ፔዳሉን ይርገጥልህ፤ ፒስተኑ እየተገፋ ይወጣል። የዛገውንም ቢሆን ይህ ግፊት ያወጣዋል። ከፔዳሉ ሥር ወፍራም እንጨት አስቀምጥ፣ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ። የማስተሩ ፒስተን ሄዶበት የማያውቅ ቦታ ላይ ዝገት አለ፤ እዚያ ከደረሰ የማስተሩን ጎሚኒ ይቀደዋል። ካሊፐር አድሳለሁ ብሎ ማስተር ያበላሸ ሰው የምታየው በዚህ ነው። አንዱን ጎን ጨርሰህ ሳትገጥም ሌላውን አትፍታ። የተገጠመው ለተፈታው ናሙና ይሆንሃል።

ፒስተኑ ሊወጣ ሲል ቱቦውን የሚያስረውን ቡሎን ፍታና ካሊፐሩን ወደ ጠረጴዛ ውሰድ። ከሥር ሳፋ ይኑር፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፣ ፓራፋንጎ ላይ ከነካ ወዲያው በውሃ እጠብ። የቱቦውን ጫፍ በንጹሕ ላስቲክ ሸፍነህ ወደ ላይ ስቀለው። በፒንሳ ቆንጥጠህ አትዝጋው፤ ቅድም ያልኩህን የውስጥ መላጥ ራስህ ትጀምረዋለህ። ማጠራቀሚያው ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዳይደርቅ በየመሀሉ እያየህ ሙላ። ከደረቀ አየሩ ወደ ማስተሩና ወደ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ክፍል) ይገባል። ያንን ማስወጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሸራውን ብናኝ በአየር አትንፋው፣ በአፍህም እፍ አትበል። አንዳንዱ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ አለበት። አርጥበህ ጥረገው።

ፒስተኑን በእጅህ ያዝና ብርሃን ላይ አዙረው። ይህ ነው ዳኛው። ጎሚኒዋ የምትቀመጠው በሲሊንደሩ ቦይ ውስጥ ስለሆነ፣ ዘይቱን የሚያግደው የፒስተኑ ገጽ ነው። ጥፍርህን ላዩ ላይ አሂደው። ጥፍርህ የሚይዝበት ጉድጓድ ካገኘህ፣ ወይም ክሮሙ ከተላጠ፣ ፒስተኑ አልቆለታል። በብርጭቆ ወረቀት ላሸው አትበል። ክሮሙን ታነሳዋለህ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። አዲስ ፒስተን ብቻውን ይሸጣል፤ ከሙሉ ካሊፐር በጣም ይረክሳል። ቀለሙ የደበዘዘ ግን ለስላሳ ከሆነ ችግር የለውም።

የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለ ቀላል ዝገት ብዙ አያስጨንቅም፤ ፒስተኑ ግድግዳውን ተጭኖ አይሄድም። የሚያስጨንቀው ቦይው ነው። አሮጌዋን ጎሚኒ በእንጨት ስንጥር አውጣ፣ በካቻቪቴ አይደለም። የብረት ጫፍ ቦይውን ከጫረው ዘይት በዚያው ይሾልካል። ቦይው ውስጥ ያለውን ቅርፊት በስንጥርና በአልኮል በነካ ጨርቅ እየጠረግህ አውጣ። እዚህ ላይ ጊዜህን አትቆጥብ፤ ሻይህን አምጣና ተቀመጥ። ጨርቁ ዙሪያውን ዞሮ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አልጸዳም። ቦይው ራሱ በዝገት ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ካሊፐሩ የእውነት ሞቷል፤ ያኔ የጋራዡ ሰው ልክ ነበር በል።

ሲገጠም አዲሷን ጎሚኒ በአዲስ የፍሬን ዘይት ንከር። በጣትህ ብቻ ቦይው ውስጥ አስገባና ዙሪያዋን ዳስሳት። የተጠማዘዘ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ አውጥተህ ድገመው። ፒስተኑንም በዘይት አርጥብና በሁለት አውራ ጣትህ ቀጥ አድርገህ ግፋው። ትንሽ ያንገራግርና ስስ ብሎ ይገባል። መዶሻ ካሰኘህ ወይ ፒስተኑ ተጣሟል ወይ ጎሚኒዋ አልተቀመጠችም፤ አውጣውና እንደገና። የአቧራ መከላከያው ጎሚኒ እንደ ካሊፐሩ ዓይነት ከፒስተኑ በፊት ወይም በኋላ ይገባል፤ ስትፈታ በስልክህ ፎቶ ካነሳህ አትሳሳትም። ከንፈሩ በፒስተኑ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ ገብቶ መያዙን አረጋግጥ። የማይዝ ከሆነ የክረምቱ ጭቃ ይገባና ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና እንገናኛለን።

ፒኖቹን አትናቃቸው። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጫፉ ላይ ጎማ ወይም ጠፍጣፋ ጎን ሊኖረው ይችላል፤ የላይኛውን ከላይ፣ የታችኛውን ከታች መልስ። የሚገቡበትን ቀዳዳ እስከ ታች ጥረግ፤ የደረቀው ግራሶ እዚያ ነው የሚደበቀው። የሲሊኮኑን ግራሶ ስስ አድርገህ ቀባ። ቀዳዳውን ሞልተህ ከጠቀጠቅህ አየሩ ታፍኖ ፒኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የተለመደው ቢጫ የሻንሲ ግራሶ እዚህ አይገባም፤ የፒኑን ጎሚኒ ያሳብጠዋል።

ቱቦውን ስትመልስ ሁለቱም የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ፤ አንዱ ከቱቦው በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ቡሎኑ የሚጠብቅበት ኃይል ወደ 30 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናህን የጥገና መመሪያ ካገኘህ የእሱን ቁጥር ያዝ። የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ወደ 8 ብቻ ናት፤ በረጅም መፍቻ ከተጫንካት ትበጠሳለች። ስትፈታትም ስድስት ጠርዝ ባለው ቡሶላ ይሁን፤ አሥራ ሁለት ጠርዝ ያለው ራሷን ይበላዋል። ሁለቱንም ካሊፐር ፈትተህ ከነበረ፣ ከመግጠምህ በፊት የአየር ማስወጫዋ ወደ ላይ መሆኗን እይ። ግራውን ቀኝ የገጠመ ሰው ማስወጫዋ ወደ ታች ትሆንበታለች። አየር ደግሞ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይቀራል፤ «ማስተሩ ነው» ተብሎ ማስተር ይገዛል።

አየር ለማስወጣት ማስወጫዋ ላይ ውስጧ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ አጥልቅና ጫፉን ትንሽ አዲስ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከር። ረዳትህ ቀስ ብሎ ይርገጥና «ይዣለሁ» ይበል። አንተ ትከፍታለህ፤ አረፋው ይወጣል፤ ትዘጋለህ፤ ከዚያ ብቻ «ልቀቅ» ትለዋለህ። ክፍት ሆኖ ከለቀቀ አየሩን መልሶ ይስበዋል፤ ስለዚህ ከረዳትህ ጋር መጀመሪያ ቃሉን ተስማሙ። ያቺ እንጨት አሁንም ፔዳሉ ሥር ትሁን። አረፋ ጠፍቶ አዲስ ዘይት ጠርቶ እስኪመጣ ቀጥል። የከፈትከው አንዱን ጎን ብቻ ቢሆንም፣ ያ የቡና አተላ በአራቱም ጎማ ስላለ፣ ዘይት ገዝተህ አራቱንም ብታጸዳ ይሻላል። ሸራዎቹን አንድ ጎን ብቻ አትቀይር፤ ግራና ቀኝ አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት። አለበለዚያ መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ትሄዳለች።

ጎማውን ግጠም፤ ዳዶዎቹን ቶዮታ በሚለው 103 ኒውተን ሜትር በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቅ። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፤ ፒስተኑ ገና ከዲስኩ ርቆ ስለሚገኝ የመጀመሪያዋ እርግጫ ባዶዋን ትወርዳለች። ይህን ረስቶ በር የመታ ሰው ጥቂት አይደለም። ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ አጥብቀህ ያዝ። ቀስ እያለ ከወረደ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ አትውጣ። ካልወረደ፣ ወርደህ በባትሪ ካሊፐሩን ዙሪያውን እይ፤ እርጥበት የሚባል ነገር መኖር የለበትም። ከዚያ ግቢ ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሂድና ያዝ፤ የእጅ ፍሬኑ ላይ እጅህ ይሁን። ደህና ከሆነ ጭር ያለ መንገድ ፈልገህ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያወረድህ አሥር ጊዜ ያህል በመካከለኛ ኃይል ያዝ። በመካከሉ እንዲበርድ ትንሽ ንዳ። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው።

ስትመለስ ግራና ቀኙን ቸርኬ በእጅህ ጀርባ አነጻጽር። ዲስኩን አትንካ፣ ያቃጥላል። ተቀራራቢ ሙቀት ካላቸው ሥራህ ተሳክቷል። ግራው አሁንም ብቻውን ከጋለ ወደዚያች የአየር ማስወጫ ቡሎን ፈተና ተመለስ። ቱቦውን ካልቀየርከው እሱ ይቀድማል።

የማትነካው ነገርም ልንገርህ። ያንተ ቪትዝ ከኋላ ታምቡር ከሆነ ይህ አይመለከትህም። ከኋላ ዲስክ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩ ውስጥ የተሠራበት መኪና ላለው ጓደኛህ ግን ንገረው። ያኛው ፒስተን እየተሽከረከረ ነው የሚመለሰው። በማጥበቂያ ከተጫነ የውስጡ ጥርስ ይሰበራል። የመጀመሪያ ሥራህ በእሱ አይሁን። የኤቢኤስ መብራት በርቶ የሚቆይ ከሆነም መጀመሪያ በኮምፒውተር ይታይ።

የሰፈሩን መካኒክ ደግሞ አትጣላው። ኪቱንና አልኮሉን ገዝተህ ሂድ፣ «ጋሼ፣ በዚህ እንጠበው፣ እኔም ላግዝህ» በለው። እጁ ካንተ ይፈጥናል፤ የመጀመሪያውን ጎን ከእሱ ጋር ብትሠራ ሁለተኛውን ብቻህን ትጨርሰዋለህ።